በጅማና በከፋ አገር መንግሥት ሲለወጥ የደንና የአራዊት ዕድል

የጅማ ገበያ የታወቀባቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የጥላ ሥር ፍሬዎች ናቸው። ቡናው በሰሳ፣ በዋንዛና በብሳና ሥር ይበቅላል፤ ኮረሪማውና ጥምዙ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን ቦታ አይወዱም፤ ማሩ ረጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የወረደ ነው፤ ሳንቃውም ቢሆን የዋንዛና የቀረሮ ነው። ዛሬ መርካቶ የሚባለው የከተማው ክፍል ስሙን ያገኘው ከኢጣልያኖች ሲሆን ቃሉም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ገበያው ግን ከእነርሱ በፊት ነበረ። ሒርማታ ይባል ነበር፤ በጅማ ነገሥታት ዘመን ከጎንደርና ከጎጃም፣ ከሸዋና ከከፋ የተነሡ ነጋዴዎች ሐሙስ ሐሙስ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ገዥ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በገበያው ላይ ግን ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው እስከ ዛሬ አሉ፤ በዚያን ዘመን ከእነርሱ ጋር ይሸጥ የነበረው የዝሆን ጥርስ ግን የለም። ይህ ጽሑፍ ሊመረምር የተነሣው ደኑ እንደ ምንም ሲተርፍ ዝሆኑ ለምን እንደ ጠፋ፣ በየመንግሥቱ ለውጥም መካከል ምን እንደ ተደረገ ነው።

ይህ ነገር በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዐይነት ነው። ይኸውም መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ጠባቂ ይጠፋል፣ ጠባቂ ሲጠፋ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ይነሣል የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ደን የሚጠበቀው በዐዋጅና በዘበኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጅማና የከፋ ደን ዐዋጅም ዘበኛም ባልነበረበት ዘመን መጥፋት ነበረበት። እንደ እኔ አስተያየት የመንግሥት ለውጥ ደኑን የሚጎዳው ለውጥ በመሆኑ ሳይሆን፣ በአሮጌው መብትና በአዲሱ መብት መካከል «ይህ ቦታ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣበትን ጊዜ ስለሚፈጥር ነው። ያ ጊዜ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ዓመታት ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሞጋ መናገር ያስፈልጋል። በጊቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለት ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ እያንዳንዳቸው በዳር ድንበራቸው ሰው የማይሰፍርበት፣ የማይታረስ ሰፊ መሬት ይተዉ ነበር። ይህ መሬት ሞጋ ይባል ነበር። ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍና መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ኦሮሞ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱም ይገልጹታል። ከሞጋው ወዲህ ኬላ ነበረ፤ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ የሚገባውና የሚወጣው በኬላው ብቻ ነበር። ሞጋውን ያቆሙት ለአውሬ አዝነው አይደለም። የጠላት ፈረሰኛ በድንገት እንዳይገባ፣ የሸሸ ባሪያና ቀረጥ ያልከፈለ ነጋዴም በቀላሉ እንዳያመልጥ ብለው ነው። ሆኖም ሰው ያልሰፈረበት መሬት ዱር ይሆናል፣ ዱርም የአውሬ ቤት ነው። ከፋም በበኩሉ በድንበሩ ላይ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ በር አቁሞ ነበር።

በዘመናችን ለዚህ የሚመስል ነገር ቢፈለግ የሚገኘው በኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየው 4 ኪሎ ሜትር ስፋትና 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሰው አልባ መሬት ማንም ሳያስበው ለወፍና ለአውሬ መጠጊያ ሆኗል። የሁለቱ ጠባይ አንድ ነው፤ ፍርሃት ጠባቂ ሆነ። እንግዲህ ፍርሃቱ በጠፋ ጊዜ ጥበቃውም አብሮ እንደሚጠፋ ግልጽ ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት የጊቤን መንግሥታት አንድ በአንድ ባስገበረ ጊዜ በሊሙና በጅማ፣ በጎማና በጌራ መካከል ጦር የሚጠበቅበት ምክንያት ቀረ፤ ኬላው የቀረጥ መሰብሰቢያ ብቻ ሆነ፤ ሞጋውም ለሠፋሪ ክፍት የሆነ መሬት ሆነ። ይህ የሰላም ፍሬ ነው፤ ሰላም መሆኑን አልነቅፍም። ለአራዊቱ ግን በዚህ አገር ከደረሱት ለውጦች መካከል ይህ ሳይነገርለት ያለፈ ትልቅ ለውጥ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከፋ ልሻገር። ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የኖረው ንግሥናው የታወቀው፣ ሳይዋጋ ለምኒልክ ስለ ገበረ አገሩን ከጥፋት አተረፈ። ከፋ ግን ተዋጋ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ዘመቱበት፤ የአባ ጅፋርም ጦር አብሮ ዘመተ፤ የከፋው የመጨረሻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተማረከ። ጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት የቀጠለው የባሪያ ፈንገላ አገሩን ምን ያህል ባዶ እንዳደረገው በ1900 ዓ.ም. ግድም ከፋን የጐበኘው ኦስትርያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር መዝግቦታል። ታርሶ የነበረው መሬት ጾም አደረ። በእርሻው ላይ ቍጥቋጦ፣ ከቍጥቋጦው በላይ ብሳና፣ ከብሳናው ሥር ቡና በቀለ።

ከጎጀብ ወዲህ ያለችው ጌራም ከዚህ የራቀ ነገር አልገጠማትም። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ለጌራ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷታል። በዚያም በ20ኛው መቶ ዓመት መካከል የታየው የጌራ ደን ከጥንት ጀምሮ ያልተነካ ደን አለመሆኑን፣ ይልቁንም በ19ኛው መቶ ዓመት እርሻ በነበረ ቦታ ላይ፣ ሕዝቡ በጦርና በበሽታ ካለቀ በኋላ ተመልሶ የበቀለ ደን እንደሚገኝበት ያስረዳል። በክፉው ቀን፣ ማለት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ የከብቱን እልቂት ረኀቡና በሽታው እንደ ተከተለው የታወቀ ነው።

ይህ ነገር አንባቢውን ጥቂት ሊያስቆመው ይገባል። ዛሬ ስለ ደቡብ ምዕራብ ደን በሚጻፈው ሁሉ «ድንግል ደን» የሚለው ቃል አይጠፋም። ነገር ግን ከዚያ ደን አንዳንዱ የሰው መቃብር ላይ የበቀለ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ለውጥ ሁልጊዜ ደንን ያጠፋል ማለት አይቻልም፤ በከፋ ከሁሉ የከፋው የመንግሥት ለውጥ ደንን አበዛ። ደን በመብዛቱ ብቻ ደስ የሚለው ሰው ካለ ይህን ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። ስለ ጥበቃ ስንናገር የምንመዝነው ዛፉን ብቻ ከሆነ የከፋን ጥፋት እንደ በጎ ሥራ መቍጠር ሊኖርብን ነው፤ ይህም ሊሆን አይችልም።

ደኑ ሲስፋፋ ዝሆኑስ ለምን አብሮ አልበዛም? ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በዚያው ዘመን ጠመንጃ በዛ። የድሮው ዝሆን አዳኝ ጦርና ፈረስ ነበረው፤ ዝሆን መግደልም በኦሮሞም ሆነ በአማራ ዘንድ ዕድሜ ልክ የሚያስከብር ነበር። ከአገር ማቅናት በኋላ ግን ወታደሩ ሁሉ ጠመንጃ ያዘ፤ ጥርሱም ለአዲሱ ገዥ ግብር፣ ለነጋዴው ትርፍ፣ ለመንግሥቱም የመሣሪያ መግዣ ሆነ። እዚህ ላይ የዝሆንንና የጥርኝን ዕድል ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁለቱም ከዚህ አገር ለውጭ ገበያ የሚሄድ ውድ ዕቃ ይሰጡ ነበር። የጥርኝ ባለቤት ግን ዝባዱን የሚያገኘው ጥርኙ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው፤ ስለዚህ በጎጆ ውስጥ ሥጋ እያበላ፣ ከብርድ እየጠበቀ ያኖረዋል። (ጥርኙ በዚያ ጠባብ ቀፎ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠቃይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምሳሌውን እንደ ምስጋና አትቍጠሩብኝ።) ዝሆን ግን ዋጋ የሚያወጣው ሲሞት ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ዝሆን ባለቤት አልነበረውም፤ የሞተ ዝሆን ግን ባለቤቱ ብዙ ነበር።

ቡናና ማር እንደ ጥርኙ ናቸው፤ ዛፉ ሲቆም ይሰጣሉ። በከፋና በሸካ ደን ኮቦ የሚባል ልማድ አለ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ቀድሞ የያዘው የደን ክፍል ኮቦው ይባላል፤ በዚያ ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት የእርሱ ነው፤ ሲሞትም ለልጆቹ ይተላለፋል። የሌላ ሰው ኮቦ ገብቶ ቀፎ መስቀል ያጣላል፣ ለሽማግሌም ያስከስሳል። ጌተምና ሌሎች አበባቸው ማር የሚሰጥ ዛፎች በዚህ መብት ምክንያት ተጠብቀው ኖረዋል። በወረቀት ላይ የሰፈረ አንዲት መስመር እንኳ ሳይኖር ደኑ ወሰን ነበረው ማለት ነው።

ማዕከላዊው መንግሥት ጅማን በቀጥታ መግዛት የጀመረው በ1924 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢጣልያኖች መጡ፤ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው ከሒርማታ ገበያ አጠገብ አዲስ ከተማ ሠሩ፤ መኪና የሚሄድበት መንገድም ከፈቱ። በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ መንገዱ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ የቡና ዋጋ ሲወደድ በዚያው መንገድ ገንዘብና ሰው ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ ጐረፈ፤ በርስትነት የተሰጠው መሬት ዋጋ አወጣ፤ ብዙ ደን ተመንጥሮ ቡና ተተከለበት። ሕጎቹ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። የአደን ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 61 እ.ኤ.አ. በ1944 ወጣ፤ ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን የሚናገሩት ሦስት ዐዋጆች፣ ቍጥር 225፣ 226 እና 227፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ወጡ። ከዚሁ ዘመን የሚቈጠር የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው የቡና ጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በደቡብ ምዕራብ እየዞረ የቡና ዘር ሰብስቧል፤ የቡናው መገኛ የሆነው ደን እየተመነጠረ መሆኑንም አስጠንቅቋል። ዐዋጆቹ የሚነበቡት አዲስ አበባ ሲሆን ምንጣሮው የሚካሄደው ጌራ ነበር።

የቡናው ዘር የተሰበሰበው በከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ፍሬውን ገና በለጋነቱ አጥቍሮ ያደርቃል፤ በጅማም ብዙ ሰው ቡናው በዐይኑ ፊት ጠፋበት። ከጅማ ከተማ አጠገብ መልኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ሠራተኞች መድኃኒቱን የፈለጉት በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ነው። በሽታው በርትቶ በታየበት ቦታ እየዞሩ በታመሙት መካከል ሳይታመም የቆመውን ዛፍ መረጡ። ገበሬው ዛሬ ሰባ አራት አንድ መቶ ዐሥር፣ ሰባ አራት አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚህ የተገኙ ናቸው፤ ቍጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተመረጡ ነው። ያ ዓመት አብዮቱ የፈነዳበት 1966 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በአዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ በተቃረቡበት ወራት፣ ጥቂት ሰዎች በጅማና በኢሉባቦር ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ምልክት ያስሩ ነበር። የኢትዮጵያ ቡና ከዚያ በሽታ ያመለጠው ደኑ እስከዚያ ዓመት ድረስ በመትረፉ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ለጭሰኛው ይህ ትልቅ ነጻነት ነበር፤ በከፋና በጅማ ከባለርስት በታች የኖረ ገበሬ ያን ቀን እንዴት እንደ ተቀበለው ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ዐዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ፤ 800 ሄክታር ያህል መሬትም ለአንድ የገበሬ ማኅበር ወሰነ። ደኑ ግን ለማን ሆነ? ባለርስቱ ሄደ፤ ኮቦው በሕግ አይታወቅም፤ ትልልቁ ደን የመንግሥት ተባለ። የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን የቆመው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በዐዋጅ ቍጥር 192 ነው። በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት አለ። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ደን የነበረውን ያረሰ ሰው መሬት አገኘ፤ ያላረሰ ሰው ምንም አላገኘም። እርሻ ባለመብት የሚያደርግ ሲሆን ደን መጠበቅ ግን አያደርግም ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው በመንግሥት እጅ የተሠራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከድርቁ የተነሣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሠፈረ፤ ከፋና ኢሉባቦር ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ። ሠፋሪው የቆላውን ወባና የማያውቀውን ደን ተጋፈጠ፤ የሚያውቀው እህል ሲሆን ደኑን መንጥሮ በቆሎ ዘራ። በእርሱ መፍረድ አይገባም፤ በሞት አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ነው። የመንደር ምሥረታው ተከተለ፤ በበበቃና በሊሙ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ሰፉ፤ በቦንጋ አጠገብ በዉሽዉሽ ሻይ ተተከለ። የቡናውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ስለ ነበረ ገበሬው ለቡናው የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ጥላውም ዋጋ እንደሚያጣ መርሳት አይገባም። ኮቦው ግን በዚህ ሁሉ መካከል በሕግ ሳይሆን በጎረቤት ስምምነት ቆየ። ቀፎው አሁንም የሚሰቀለው አባት በሰቀለበት ዛፍ ላይ ነበር።

የ1983 ዓ.ም. ለውጥ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ከጅማ ውጭ በደረሰው ነገር ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት መስመር ከአገሩ ልውጣ። በግንቦት ወር መንግሥቱ ሲወድቅ በአብያታ ሻላና በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች የጥበቃ ሰፈሮች ተዘረፉ፤ በባሌ ደጋ አጋዘኑ፣ በሰንቀሌም ቆርኬው በብዛት ተገደለ። ሚካኤል ጄኮብስና ካትሪን ሽሎደር ይህን ጊዜ መርምረው የጻፉት ጽሑፍ ምክንያቱን ሥርዐት ከመጥፋቱ ጋር ብቻ አያያይዘውም፤ ፓርኮቹ ሲከለሉ ከመሬታቸው የተነቀሉ ሰዎች ቂም ይዘው መኖራቸውንም ያነሣል። ዘበኛው ሲሄድ ሰዎቹ ወደ መሬታቸው ተመለሱ። በሞዛምቢክ ጎሮንጎሳ እ.ኤ.አ. እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከዝሆኖቹ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት አልቀዋል፤ እዚያ ግን የገደላቸው ጦሩ ለሥጋና ለጥርስ ብሎ ነው። የእኛ ከዚያ የተለየ ነው፤ በባለመብትና በባለመብት መካከል የተደረገ ክርክር ነበር፤ አውሬው በመካከል ቆሞ ተገኘ።

በጅማ አካባቢ ያለው የበለጠና የጌራ ደን ለዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃ የሚሆነው ከዚያ በኋላ በደረሰበት ነገር ነው። ይህ ደን ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን ጌራንና ሻቤ ሶምቦን ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የኦሮሚያ ክልል መንግሥትና የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት በደኑ ውስጥና በዙሪያው የሚኖሩትን ገበሬዎች በማኅበር አደራጁ። ማኅበሩ በኦሮምኛ ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና፣ በአጭሩ ዋቡብ ይባላል፤ የደን አስተዳደር ማኅበር ማለት ነው። አባሎቹ ወሰኑ በታወቀው ደን ውስጥ ቡናና ማር የማምረት መብት ሲኖራቸው፣ አዲስ እንዳይመነጠር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሬይንፎረስት አላያንስ የተባለው ድርጅት ለደን ቡናው የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ።

ያሱዩኪ ቶዶና ርዮ ታካሃሺ የተባሉ ሁለት የጃፓን ምሁራን ከሳተላይት በተነሣ ምስል የዚህን ደን ስፋት ከዓመት ዓመት ለክተዋል። ያገኙት ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባል። ማኅበር በተቋቋመበት ዓመት፣ ማኅበር የተቋቋመበት ደን ካልተቋቋመበት ደን የበለጠ ተመነጠረ! ምሁራኖቹ እንደሚሉት ገበሬው ወሰን ሊከለል መሆኑን ስለ ሰማ፣ ባለቤቱ ያልታወቀውን ደን ከመከለሉ በፊት ወደ እርሻ ለውጦ መብት ለማግኘት ሳይጣደፍ አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደኑ ጨመረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሲደመር ማኅበር ያለበት ደን 1.5 በመቶ ጨምሮ ሲገኝ፣ ማኅበር የሌለበት ግን 3.3 በመቶ ቀነሰ።

ከላይ «በአሮጌው መብትና በአዲሱ መብት መካከል» ያልሁት ጊዜ በዚህ ቍጥር ውስጥ በግልጽ ይታያል። እዚህ መንግሥት አልወደቀም፤ ጦር አልተነሣም፤ የመጣውም ለደኑ በጎ የሚያስብ ሰው ነው። ቢሆንም መብት ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ብቻ መጥረቢያ አስነሣ። በ1967ም ሆነ በ1983 ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ወሬ ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወሰኑን የሚያጸና አልነበረም። ልዩነቱ የአንድ ዓመትና የብዙ ዓመት ልዩነት ነው።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መምህራንም ሳያነሡት አይቀሩም። ይኸውም ቡና ያተረፈው ደን በእውነት ደን ነው ወይ የሚል ነው። ገበሬው ቡናው እንዲያፈራለት ከሥር ያለውን ይመነጥራል፤ ለነገ ትልቅ ዛፍ የሚሆነውን ችግኝ ከአረም ጋር ይቈርጣል፤ ከላይም ጥላው እንዳይበዛ ያሳሳል። ከፊል የደን ቡና የሚባለው ይህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደን ይመስላል፤ ገብተው ሲያዩት ግን ሽማግሌ ዛፎች ብቻ የቆሙበት፣ ልጅ የሌለው ቤት ነው። ዛፎቹ አርጅተው ሲወድቁ የሚተካቸው ከየት ይመጣል? ይህን ተቃውሞ እቀበላለሁ። ቡና ጥላውን ያድናል እንጂ ደኑን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ለአውሬውም የሚበጀው በከፊል ነው፤ ጉሬዛ በቡና ጥላ ላይ ይኖራል፣ ዝንጀሮና ከርከሮም ከሚፈለገው በላይ ይኖራሉ፤ በደን ዳር የሚያርስ ገበሬ በቆሎው እስኪደርስ ሌሊቱን የሚያድረው በማማ ላይ ነው። ነብርና ጎሽ ግን ሰው በየቀኑ ቡና የሚለቅምበትን ደን ይሸሻሉ።

ስለዚህ ትልልቁን አውሬ በሚመለከት የመንግሥትን ሥራ በገበሬው መብት መተካት አይቻልም። ዝሆን ዛሬ ከጅማ ወደ ደቡብ፣ በዳውሮና በኮንታ ምድር እ.ኤ.አ. በ2005 በተቋቋመው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በከፋ ደን አንበሳ መኖሩ በፎቶግራፍ ተረጋግጧል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋንና የያዩን፣ በ2012 ደግሞ የሸካን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ላይ አስፍሯል። የእነዚህ አከላለል ከጥንቱ ፓርክ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ፈጽሞ የማይነካውን መካከል፣ ማርና ቡና የሚመረትበትን ዙሪያና ሰው የሚያርስበትን ዳር ለይቶ ያስቀምጣል። ከሞጋና ከኮቦ የተውጣጣ ነገር ይመስላል፤ አውጪዎቹ ግን ሁለቱንም ስማቸውን ሰምተው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካና ሌሎችም ከደቡብ ክልል ወጥተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ጅማ በኦሮሚያ ነው። በዚህም ምክንያት በጥንት ዘመን የጅማና የከፋ መንግሥታት ድንበር የነበረው ጎጀብ ወንዝ እንደ ገና የሁለት መስተዳድሮች ወሰን ሆኗል። በወንዙ ላይ ዛሬ ኬላም ሞጋም የለም፤ ድልድይ አለ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚያልፍ አስፋልትም አለ። በወሰኑ በሁለቱ በኩል ያለው ደን በሁለት ቢሮ፣ በሁለት ደንብ ይተዳደራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረሰብን ደን በስም ያውቃል፤ ኮቦ ግን በጎጀብ ማዶም ቢሆን አሁንም የሚታወቀው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው። ያን ያህል ዓመት የቆየውን ወሰን ከየዛፉ ጋር የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከእኛ መካከል ለዕረፍት ወደ ጌራ፣ ወደ ጊምቦ ወይም ወደ ማሻ የሚሄድ ተማሪ ካለ፣ የአባቱ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ስምና የኮቦውን አዋሳኝ ጠይቆ ቢጽፍ፣ ለዚህ መጽሔት የሚሆን ጥናት ያገኛል።